ፔዳሏ የማያርፍ ሳይክል፦ ስምንት ወር ከአዘዞ ፒያሳ

መጀመሪያ ዋጋዋን ልናገርና ልገላገል፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ሳይክሏን የገዛኋት 14 ሺህ ብር ነው። ለመንገድ እንድትሆን ለማድረግ ደግሞ 9 ሺህ ገደማ ወጣብኝ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ቁጥር አታውቅም፤ ይህን ካነበበች አወቀች ማለት ነው።

ሻጩ ከጎንደር ሊለቅ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ነበር። እኔ የሄድኩት መጽሐፍ መደርደሪያ ልገዛ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር ሳይክል ተሰቅላለች። "ዘመዴ ከጣሊያን ያመጣት ናት፤ ማርሽም ፍሬንም የላትም" አለኝ። ተፈታትቶ የተወሰደባት መስሎኝ አዘንኩላት። ለካ ስትሠራም እንዲሁ ናት። የትራክ ሳይክል ናት፤ ዳርና ዳሩ ዘመም ብሎ በተሠራ ሞላላ ሜዳ ውስጥ ብቻ የምትወዳደር። እዚያ ፍሬን አይፈለግም። አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው የሚመጡት ሁሉ ይከመሩበታል።

ትልቁ ልዩነት የኋላው ጥርስ፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት ነው። ከጎማው ጋር አንድ ላይ የታሰረ ነው። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። ቁልቁለት ላይ እግርን ሰቅሎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ፍጥነት ለመቀነስ ፔዳሉን ወደ ኋላ መታገል ነው። ይህን አንብቤ ነበር፤ እግሬ ግን አላነበበም። በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዴ ላሳርፈው ስል ፔዳሏ ከኮርቻው አንስታ ወደ መሪው ወረወረችኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ያየኝም የራሴ ተማሪ ነው። "ቲቸር፣ በቅሎ ናት እንዴ?" አለኝ።

የምኖረው አዘዞ ነው። ትምህርት ቤቴ ፒያሳ አጠገብ ነው። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ፒያሳ ከዚያ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ጠዋት ዳገት፣ ማታ ቁልቁለት። በሌላ ሳይክል ቢሆን ይህ ጥሩ ዜና ነበር።

ስትመጣ የፊት ጥርሷ 48፣ የኋላው 15 ነበር። 48ን ለ15 ስናካፍል 3.2 ይመጣል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 6.7 ሜትር ትሄዳለች። ለውድድር ሜዳ ግሩም ነው። እኔ ግን ማራኪ ሰፈር ስደርስ ወርጄ እየገፋኋት ነበር፤ ባጃጆቹም ቆም እያሉ "እንጫንሽ?" ይሏታል። እሷን ነው እንጂ እኔን አይደለም።

የፊቱን ጥርስ መቀየር አልተቻለም። በአምስት ቡሎን ነው የሚታሰረው፤ የቡሎኖቹ ክብ ስፋት 144 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚገጥም አላገኘሁም። የኋላውን ግን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ባለ 20 አመጣችልኝ። አሁን 48 ለ20፣ ማለትም 2.4 ነው። በአንድ ዙር 5 ሜትር ትሄዳለች። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በደቂቃ 500 ሜትር ይሄዳል። እግሩ ስንት ጊዜ ይዞራል? መቶ። ማታ ወደ አዘዞ ስወርድ ይህንን ቁጥር በጉልበቴ አውቀዋለሁ።

ጥርሱን ለማስቀየር መጀመሪያ የሄድኩበትን ቤት ስም አልጠራም። ልጁ ቅን ነው፤ ችግሩ አልጠየቀም። ይህ ጥርስ በውጭ በኩል በቀለበት ዳዶ ይያዛል። ቀለበቱ ደግሞ ግልብጥ ጥርስ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ምክንያት አለው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስንታገል ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፤ ቀለበቱ በተቃራኒው ስለሚጠብቅ ይይዘዋል። ልጁ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በመዶሻ። ሁለት የቀለበቱን ጥርሶች በልቶ ሲያበቃ "ቲቸር፣ እንበይደውና እንገላገል" አለኝ። ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሠሪ ሽማግሌ ናቸው። ሱቅም የላቸውም፤ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ከአንድ ግንብ ሥር ይቀመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት የድሮ ፊኒክስ ሳይክል ነው። ነገሩን ሳስረዳቸው ግማሹ ላይ አቋረጡኝ። "የግራ ፔዳልስ ግልብጥ አይደል እንዴ ልጄ?" ቁራጭ ካቴና በብረት ዘንግ ላይ በቡሎን አሰሩና ጥርሱን መያዣ መሣሪያ እዚያው ሠሩ። ቀለበቱን በሦስት ምት ወደ ቀኝ ፈቱት። 300 ብር ጠየቁኝ። 500 ስሰጣቸው ተቆጡ።

ከሳቸው ጋር ስቀመጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሳይክሏ ጣሊያን ናት። እኛም የዕቃዎቿን ስም በጣሊያንኛ ነው የምንጠራው፤ ካቴና፣ ፍሬን፣ ራጂ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ። ፒያሳም ያው ፒያሳ ነው። ስም ያጣነው ለዚያች ግልብጥ ቀለበት ብቻ ነው። ጋሼ አሁን "እምቢተኛዋ" ይሏታል።

ካቴናው ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ዕድል ገጠመኝ። የትራክ ሳይክል ካቴና ባለ ማርሽ ሳይክል ላይ ካለው ወፍራም ነው። ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ጋሼ ከሳጥናቸው የፊኒክስ ካቴና አወጡ። ልክክ አለ። ፊኒክስም ማርሽ ስለሌለው የካቴናው ስፋት እኩል ነው። ዛሬ ቢበጠስ ነገ ሌላ አገኛለሁ። ማርሽ መቀያየሪያ ቢሰበርብኝ ግን መለዋወጫ ስፈልግ ስንት ወር እንደምቆይ እንጃ።

ካቴናውን ሲወጥሩት መሃሉ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይነቃነቅ። ከዚያ ከጠበቀ ይከብዳል፣ ያንቋርራል። ከላላ ደግሞ ይወጣና ጎማውን ይቆልፈዋል፤ ቁልቁለት ላይ ይህ እንዲደርስባችሁ አትፈልጉም። የ15 ቁልፍ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለች፤ የኋላው ጎማ የሚታሰረው በዳዶ ነውና። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጎማው እየዞረ ካቴናውን በጨርቅ አትጥረጉ። ይህች ሳይክል ጣት ስትይዝ አትቆምም፤ ይዛው ትዞራለች። የሱሪዬንም ቀኝ እግር በካልሲ ውስጥ ነው የማስገባው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ይህን ለምዶታል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። በእግር ብቻ ማቆም ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ሜዳ ላይ። እኔ ከፊት ለፊቴ ባጃጅ ድንገት ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ ከቀኝ ፍየል ስትገባ፣ እግሬም በደቂቃ መቶ እየዞረ አልሞክረውም። ችግሩ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ለፍሬን ቀዳዳ የለውም። መሰርሰር አሰብኩና ፈራሁ፤ ፊቴ የሚያርፍበት ብረት ነው። በመጨረሻ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ ከአንድ የተሰባበረ የኮርስ ሳይክል ላይ ሹካውን ከነፍሬኑ ላከልኝ። አንገቱ ረዝሞ ስለነበር ተቆረጠ። ከ9 ሺው ውስጥ ትልቁን የበላው ይህ ነው። አንድ ብር አይቆጨኝም። ፍሬን የሌላትን ሳይክል ጎንደር ላይ የሚነዳ ሰው ካለ ወይ ሜዳ ላይ ይኖራል፣ ወይ ልጅ የለውም።

ፔዳሉ ላይ የእግር ማሰሪያ ጠፍር አለ። የቀድሞው አልቆ ነበር፤ ጫማ ሰፊው ከቆዳ ሰፋልኝ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ለመታገል እግር ካልታሰረ ይሾልካል።

ጎማው የሚያናድደኝ ክፍል ነው። ስትመጣ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነበራት፤ ኮብልስቶን ላይ ጥርስ ያስነቅላል። አሁን ከፊት 28፣ ከኋላ 25 አድርጌያለሁ፤ ከኋላ ከዚያ የሚሰፋ አይገባላትም። እንዲህ ያለ ጎማ እዚህ ሱቅ ውስጥ አላየሁም፤ ያለው የማውንቴን ነው። ቫልቩም ቀጭን ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታው መንፊያ አይነክሰውም። ትንሽ የናስ መጋጠሚያ በቁልፍ መያዣዬ ላይ አንጠልጥያለሁ። አንድ ቀን ጠፍታብኝ ሳይክሏን በትከሻዬ ተሸክሜ ቤት ገባሁ። ቀላል ናት፣ ይህን አልክድም።

ክረምቱስ? ፓራፋንጎ ማሰሪያ የላትም። ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ በሽቦ አሰርኩ። ያስጠላል፣ ይሠራል። ከዚያ በፊት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ መጻፍ አልወድም ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ከወገብ እስከ አንገት የጭቃ መስመር አለ።

ጠዋት 12፡50 እወጣለሁ፤ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ማታ ሠላሳ አምስት። ዳገቱ ላይ ፔዳሏ ራሷ እግሬን ታዞረዋለች፤ የደከመውን እግር እየገፋች ታሳልፈዋለች። ይህን ያልነዳ ሰው አያምነኝም። ታክሲ ሰልፍ ላይ የማውቃቸውን ሰዎች በሩቁ ሰላም እላቸዋለሁ። የቁስቋምን ዳገት ግን አንዴ ሞክሬያለሁ፤ አልደግመውም።

ማን ይግዛት? ጉልበቱ ጤነኛ የሆነ፣ ፍሬን ለማስገጠም ገንዘብ ያስቀረ፣ ከውጭ ዕቃ የሚያመጣለት ዘመድ ያለው። ልጅ ከኋላ ለመጫን ያሰበ ይተዋት፤ መጫኛም የላትም።

ባለ 15 ጥርሱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባሕር ዳር የሚኖር ፈላጊ ካለ በነፃ እሰጠዋለሁ፤ እዚያ ሜዳ ነው።