የቴራኖስ ሳይንሳዊ አማካሪዎች ሲመዘኑ

ሳይንሳዊ አማካሪ ቡድን የሚመዘነው በአባላቱ ዝና ሳይሆን መረጃውን አይቶ «ይቁም» ለማለት ባለው አቅም ነው። በዚህ መለኪያ ቴራኖስ ወድቋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ይህ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት ጠብታ ደም እመረምራለሁ ያለ ኩባንያ የቀድሞዎቹን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጆርጅ ሹልዝንና ሄንሪ ኪሲንጀርን ቦርዱ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሐኪሞችም አልጠፉም፤ የጠፋው የላቦራቶሪ ሰው ነው።

የላቦራቶሪ ሰው ቢኖር ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፖታሲየም ነበር። የጣት ጫፍ ሲጨመቅ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ። በውስጣቸው ያለው የፖታሲየም መጠን ከፕላዝማው (ከደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ጥቂት እንኳ ቢፈስ ጤነኛው ሰው ለልቡ የሚያሰጋ ውጤት ይዞ ይወጣል። ትንሿን ጠብታ ለተለመደው ማሽን እንድትበቃ በፈሳሽ ማቅጠን ደግሞ ስህተቱን ያባብሰዋል። ማረጋገጫው ከባድ አይደለም፦ ከአንድ ሰው በአንድ ሰዓት ከክንዱም ከጣቱም ደም ወስዶ ውጤቶቹን ጎን ለጎን ማየት፣ ይህንኑ በብዙ ሰዎች ላይ መድገም። ይህን ሰንጠረዥ ሳያይ የሚፈርም አማካሪ ሥራውን አልሠራም።

የክሊኒካል ኬሚስትሪ (በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለካ ሙያ) ባለሙያዎችን ያካተተ አማካሪ ቡድን የታወጀው በ2016 ነው። በዚያው ዓመት ኤዲሰን የተባለው የኩባንያው የምርመራ ማሽን ለሁለት ዓመት ያወጣቸው ውጤቶች ተሰረዙ፤ በ2018 ኩባንያው ተዘጋ።