የሰንበቴ ተራ ለደረሳችሁ፦ ደሴ ላይ አንዲት እናት አሉ

ደሴ ተከራይታችሁ የምትኖሩና ሰንበቴ (እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በየተራቸው ጠላና ዳቦ የሚያቀርቡበት የቤተ ክርስቲያን ማኅበር) የገባችሁ፣ ወይም ለመግባት ያሰባችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ጠላና ድፎ ዳቦ በትዕዛዝ የሚያዘጋጁ አንዲት እናት ልጠቁማችሁ ነው። በፊት ግን ከእሳቸው ጋር ያገናኙኝን ሰዎች ላመስግን።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ደሴ ያመጣኝ ሥራ ነው፤ ዘመድ የለኝም። እሁድ አስቀድሼ በቀጥታ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን አንድ አባት በር ላይ አቆሙኝና «ልጄ፣ የማን ነሽ?» አሉኝ። እዚህ ማንም እንደሌለኝ ስነግራቸው «እንዲህማ አይባልም» ብለው ሰንበቴ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ለካስ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እሳቸው ናቸው።

ሰንበቴ የሽማግሌ ነገር የሚመስለው ሰው አለ። የእኛ ውስጥ ግን ባጃጅ ነጂ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተመላልሰው የሚሠሩ ልጆችም አሉ። ቅዳሴ እንዳለቀ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ። ከዚያ መጀመሪያ ለነዳያንና ለአብነት ተማሪዎች ይወጣል። ጠላው ሲቀዳ ደግሞ ወሬው ይጀመራል። ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ የሚከራይ ቤት የት አለ። እኔ አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘሁት እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ደላላም አልከፈልኩ።

የቀረ ሰው ይጠየቃል። ታምሜ በቀረሁ ጊዜ ማታውኑ ሁለት ሴቶች አጥሚት ይዘው ከች አሉ። ቤቴን ያሳየቻቸው ሙስሊሟ ጎረቤቴ ናት። እሷም አልሄደችም፤ ቡናዋን አቀራርባ እስከ በረካ አብራን ቆየች። ለወሎ ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም፤ እኔ ግን ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ቅሬም፣ የወሎውን እድር ማለቴ ነው፣ ያስገቡኝ እነዚሁ ሴቶች ናቸው። እሱ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት።

እንግዲህ ተራ ይደርሳል። በአንዲት ክፍል ቤት ጋን የት ይቀመጣል? አከራዬ ጭስ አይወዱም። ምጣድም የለኝም። ሙሴው «በገንዘብ አዋጪና እኛ እናዘጋጃለን» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የመጀመሪያ ተራዬን እንዲያ ማለፍ አልፈለግኩም። ያን ጊዜ ነው ከሴቶቹ አንዷ ወደ እትዬ የወሰደችኝ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱም። ሥራቸውን ግን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ዋጋ አይደለም፤ «ስንት ሰው ይመጣል? ጾም ነው ፍስክ?» ነው። ከዚያ የሚገዛውን ቆጥረው ነገሩኝ። ጌሾ፣ ብቅል፣ ገብስ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮባ። ራሴ ገዝቼ አመጣሁ፤ እሳቸው የድካማቸውን ብቻ ነው የሚያስከፍሉት። የተረፈውን ዱቄት በፌስታል ቋጥረው መልሰውልኛል። ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

ጠላ አያጣድፉም። ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥናሉ። ጥንስሱ በደንብ ሳይነሳ ድፍድፍ አይገቡም። የደሴ ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል፤ ኮምቦልቻ ቶሎ የሚደርስ ጠላ እዚህ ከጦሳ ተራራ ሥር ቀን ይጨምራል። ስለዚህ «ለፊታችን እሁድ» ብላችሁ ሐሙስ ዕለት ብትሄዱ ይመልሷችኋል። አንዱን በዓይኔ እያየሁ መልሰውታል። ሁለት ሳምንት ቀደም በሉ። ጠላ ለማይጠጣ ብርዝ ያዘጋጃሉ፤ ሳትጠይቋቸው።

ድፎው ላይ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሊጡን ማታ አቡክተው ሌሊት ተነስተው ያዩታል። ኮባ ለብሶ ከላይም ከታችም እሳት ይገባበታል። የእኔ ሲወጣ ቅርፊቱ ወርቅ መስሎ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ እጅ ሲነካው ተመልሶ ይነሳል። የአብነት ተማሪዎቹ ሁለተኛ ዙር ጠየቁ። ሙሴውም ለወትሮው ምስጋና የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፣ «ይሄስ የማን እጅ ነው?» አሉ። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም።

አንድ ነገር ልንቀፍ፤ ስልክ አያነሱም። ጠዋት ቅዳሴ ናቸው፣ ከሰዓት እሳት ዳር ናቸው። መልእክት ብትልኩም አያነቡትም። የሚያዋጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ሄዶ በአካል ማናገር ነው። አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ስምና ሰዓቱን እነግራችኋለሁ። ራሴም ይዣችሁ ብሄድ ደስ ይለኛል፤ ለማንኛውም ቦታ አለ፣ ዳቦም አይጠፋም።

ሙሴያችንን፣ አጥሚት ያመጡልኝን እህቶች፣ ጎረቤቴንና እትዬን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላው፣ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ናት። እትዬ ለንግሥ ስለሚወጡ በዚያ ሰሞን ትዕዛዝ አይቀበሉም። የመስከረም መጨረሻ ተረኛ የሆናችሁ ከነሐሴ ጀምሮ ተነጋገሯቸው።