ርካሽ ፕሪንተር አገኘሁ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ ፕሪንተር ልትገዙ ብር የምታጠራቅሙ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈታችሁ። ትንሽ ትረዝማለች፣ ግን እኔ የከፈልኩትን ከመክፈል ማንበብ ይሻላል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ስምንት ዓመት ያገለገለች አሮጌ ሌዘር ፕሪንተር ነበረችኝ። ቀለሟ ሲያልቅ የሰፈር ቴክኒሺያን በ500 ብር ሪፊል አድርጎ ይመልሳታል፣ ሥራ ይቀጥላል። ግንቦት ሲመጣ ግን ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይጎርፋል፣ ወረፋው እስከ በረንዳው ይወጣል፣ አንድ ማሽን አይችለውም። ሁለተኛ ልግዛ አልኩ።

ሱቁንም የማሽኗንም ብራንድ አልጠራም። ጠብ አልፈልግም፣ ደግሞም ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ሻጩ ሁለት የሚመሳሰሉ ማሽኖች አሳየኝ። አንዷ ከሌላዋ 4 ሺህ ብር ትቀንሳለች። ልዩነታቸው ምንድን ነው ስለው፣ "ምንም የለም ወንድሜ፣ እንዲያውም ይቺ አዲስ ሞዴል ናት፣ ኢንተርኔት ላይ ከተመዘገብክ ተጨማሪ ዋስትና አላት፣ አብሽር" አለኝ። እኔም አብሽሬ ከፈልኩ።

ሱቅ ወስጄ ስከፍታት ማሽኗ ራሷ ተመዝገብ አለችኝ። ስልኬ ላይ አፑን ጫንኩ። ኢሜይሌን አስገባሁ። ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፣ በጣቴ እስከ ታች ጎትቼ "እስማማለሁ" የምትለዋን ነካሁ። እናንተ ታነባላችሁ? የተበላሁት እዚያች ላይ ነው። ያቺ ጽሑፍ ለካ "የምጠቀመው የፋብሪካውን ካርትሪጅ (የቀለም መያዣ) ብቻ ነው፣ ማሽኗም ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘች ትቆያለች" የምትል ውል ኖራለች።

ከማሽኗ ጋር የመጣው ቶነር፣ ማለትም ባለ ዱቄቱ ካርትሪጅ፣ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። (አዲስ ማሽን ውስጥ የሚመጣው ቶነር ብዙ ጊዜ ለብቻው ከሚሸጠው ያነሰ ዱቄት ነው ያለው፤ ይህንንም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።) ቴክኒሺያኑን ጠራሁት። ሞላው፣ አራገፈው፣ መለሰው። ቀይ መብራት። ቶነሩ ላይ የጥፍር ያህል የምታክል ቺፕ አለች፣ ገጽ ትቆጥራለች፣ "አልቋል" ብላ ከመዘገበች ዱቄት ቢሞላም ለእሷ አልቋል ነው። ልጁ ተስፋ አልቆረጠም፣ ከአዲስ አበባ ሌላ ቺፕ አስመጥቶ ቀየረላት። አሁንም ቀይ። "ጋሼ፣ ይቺ የፋብሪካዋን ቺፕ በምስጢር ቁልፍ ነው የምትለየው፣ ደግሞ ኢንተርኔት ባገኘች ቁጥር ፈርምዌሯን (ውስጧ ያለውን ማዘዣ ፕሮግራም) ስለምታድስ ትናንት የሠራ ቺፕ ዛሬ ላይሠራ ይችላል" አለኝ።

እሺ፣ ኦርጅናል ልግዛ። ደሴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። አዲስ አበባ 9,500 ብር አሉኝ። ካርቶኑ ላይ 1,500 ገጽ ይላል፣ ያውም ገጹ 5 በመቶ ብቻ ቀለም ሲይዝ። አስሉት፤ አንድ ገጽ ከ6 ብር በላይ ይመጣል። እኔ ተማሪውን የማስከፍለው 5 ብር ነው። ወረቀቱ፣ መብራቱ፣ ኪራዩ ገና አልተቆጠረም። በአሮጌዋ ማሽን የዚያው ገጽ ቀለም 35 ሳንቲም አይሞላም ነበር።

ጅዳ እህት አለችኝ። የወሎ ቤት ሆኖ ዓረብ አገር ሰው የሌለው የት ይገኛል? እዚያ ረከስ ስለሚል አንድ ኦርጅናል ገዝታ በመንገደኛ ላከችልኝ። ያልተከፈተ፣ ማኅተሙ ያልተነካ፣ የዚያው ፋብሪካ ዕቃ። ሲያስገቡት ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይህ ካርትሪጅ ለዚህ አካባቢ የተሠራ አይደለም።" ለካ አገር በአገር ይከፋፍሉታል። እህቴ በስልክ "ሐሰተኛ ሸጡልኝ ማለት ነው?" ብላ ልታለቅስ ነበር። የለም እህቴ፣ ቶነሩ እውነተኛ ነው፣ ማሽኗ ናት ጉደኛ።

የኢንተርኔቱን ነገርማ ተዉት። ኔትወርክ ለቀናት ሲጠፋ ከፋብሪካው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘሁ አላትምም ትላለች። ደሴ ላይ! ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ አለ? ይቺ ማሽን ያኔ ብትኖረኝ ሱቄን ዘግቼ እቀመጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማታ ማታ ማንበብ የጀመርኩት። መነሻው የቅጂ መብት ሆኖ ሳገኘው ገረመኝ። ቀለም ከቅጂ መብት ጋር ምን አገናኘው?

አሜሪካኖች በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጡ። ዓላማው ፊልምና ሙዚቃ በዲጂታል እንዳይሰረቅ ነው። ሕጉ ግን መስረቅን ብቻ አይደለም የከለከለው፤ ባለመብቱ ያሰረውን ዲጂታል ቁልፍ መስበርንም ራሱን የቻለ ጥፋት አደረገው። ፕሪንተር ሠሪዎች ቀዳዳዋን አዩ። ቶነሩ ላይ ቺፕ አለ፣ ቺፑ ላይ ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ፕሮግራም ደግሞ ልክ እንደ ድርሰት የቅጂ መብት አለው፣ ስለዚህ ቺፑን አስመስሎ የሠራ ቁልፍ ሰብሯል! በዚህ ክርክር ሌክስማርክ የተባለው ፋብሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. ስታቲክ ኮንትሮል የተባለ የቺፕ አምራች ከሰሰ። መጀመሪያ ያሸነፈ መስሎ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠበት። ዳኞቹ የሰጡት ምሳሌ ደስ ይላል፦ የፊት በሩ ቁልፍ የሌለውን ቤት፣ የጓሮው በር ተቆልፏልና ቤቱ ተቆልፏል አይባልም አሉ። ፕሪንተሩን የገዛ ሰው ፕሮግራሙን እንደልቡ ማየት እየቻለ የቱ ቁልፍ ነው የተሰበረው ነው ነገሩ።

ያው ፋብሪካ አልተኛም፣ በፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በኩል ዞሮ መጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ አንዴ ከሸጥክ በዚያ ዕቃ ላይ ያለህ የፓተንት መብት አለቀ፣ ውጭ አገር የሸጥከውም ቢሆን አለቀ ብሎ ወሰነበት። የጅዳው ቶነሬ ትዝ ይላችኋል? ዳኞቹ እንዲህ አሉ፣ ማሽኗ ግን ዳኛ አትሰማም። ክርክሩን በፍርድ ቤት ብታሸንፈውም ቀዩ መብራት አይጠፋም። አሁን ሥራውን የሚሠራው ሶፍትዌሩና ያቺ "እስማማለሁ" ናት። ለዚህ ነው ከመግዛት በፊት እንጂ ከገዙ በኋላ ብዙ መላ የሌለው።

የባለመብት ጠላት አይደለሁም፣ እንዳትሳሳቱ። ድሮ እኔ ራሴ በፍላሽ ዘፈን እየጫንኩ ሸጫለሁ። ካሴት አውጥቶ የከሰረው ዘፋኝ በኔ ቢጤ ነው የከሰረው፣ እሱ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፣ ተውኩት። የኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰትን፣ ሙዚቃን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ይጠብቅም። ግን የገዛሁት ቶነር ውስጥ ዱቄት መሙላት የማንን ድርሰት መቅዳት ነው? ፋብሪካዎቹ የማይረባ ዱቄት ማሽን ያበላሻል ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ድራሙ (ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ጥቅል) የተላጠ ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ። ቢበላሽ ግን የሚበላሸው የኔ ማሽን ነው። ዋስትናውን ከልክሉኝ፣ ማተሙን ለምን?

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። "ተመዝግበሃል፣ ተስማምተሃል፣ እኔ ምን ላድርግ" ነው መልሱ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ችግሩ ያው አዋጅ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ነው። እኔ ለሥራ ነው የገዛሁት። ለልጃችሁ ለቤት የምትገዙ ከሆነ እናንተ ከኔ ትሻላላችሁ፣ ደረሰኛችሁን አትጣሉ።

አሁን ልትገዙ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። የካርቶኑን ጎንና ጎን አንብቡ፤ ኦርጅናል ቺፕ የሌለው ካርትሪጅ አይሠራም ብለው በትንሽ ፊደል የሚጽፉ አሉ። ሁለት ማሽን በሁሉም ነገር ተመሳስሎ አንዱ ከረከሰ የሞዴሉን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ መጨረሻ ላይ የተጨመረች አንዲት ፊደል የ4 ሺህ ብሩ ምስጢር ልትሆን ትችላለች። ሻጩን "ሪፊል የተደረገ ቶነር አምጥቼ እዚሁ ልሞክር" በሉት። ፈቃደኛ ካልሆነ መልሱን አግኝታችኋል። ያለ ኢንተርኔት፣ በገመድ ብቻ፣ ያለ አካውንት አንድ ገጽ እንዲያትምላችሁ ጠይቁ። ከገዛችሁ በኋላም ራሱን የሚያድሰውን ነገር ዋይፋይ ሳታገናኙ በፊት አጥፉት። በጠርሙስ ቀለም የሚቀዳባቸው ባለ ታንኮቹ በቀለም በኩል ይሻላሉ፣ ሆኖም እነሱም የቆሻሻ ቀለም የሚመጥ ስፖንጅ አላቸው፣ የስፖንጁ ቆጣሪ ሲሞላ ቀጥ ይላሉ፤ ማን እንደሚያስተካክለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያገለገለ የምትገዙም በባለቤቱ አካውንት የታሰረ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

የኔዋ መደርደሪያ ላይ ናት፣ አሮጌዋ እየሠራች ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የኮምቦልቻ ልጅ በግማሽ ዋጋ ሊገዛኝ መጣ። እንደተዋሸሁት መዋሸት እችል ነበር፣ ዳገቱን ወጥቶ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ማሰቡ ግን ከበደኝ። ቡና አዝዤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀና "ገመዷን ግን ይሸጡልኛል ጋሼ?" አለኝ። በ200 ብር ሸጥኩለት።