ቤት ለቤት መጠይቅ ወይስ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ?

አንድ ክልል የአልኮልና የጫት ሱስ አገልግሎት ከማቀዱ በፊት ጥናት ላሠራ ካለ፣ ሁለት መንገድ አለው።

የቤት ለቤት መጠይቅ ቁጥር ይሰጣል። በጀት ለመጠየቅ ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ኦዲት (AUDIT) የተባለው ባለ 10 ጥያቄ የመጠጥ መጠይቅ የሚቆጥረው በ«መደበኛ መጠጥ»፣ ማለትም የተወሰነ የንጹህ አልኮል መጠን በያዘ ልክ ነው። የእኛ ጠላ ግን ጣሳው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጥንካሬውም እንደ ጠማቂዋ እጅ ነው። አረቄውም እንደዚያው። ጎዳና የሚያድረውንማ ቤት ለቤት ዞረህ አታገኘውም።

ሁለተኛው ከተጠቃሚዎች፣ ከቤተሰብና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። የተጠቃሚውን ብዛት አይነግርህም። ግን እናት ልጇን ጤና ጣቢያ ትታ ጸበል ለምን እንደወሰደችው የምትናገረው እዚህ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ እኔ በዚህ እጀምራለሁ።