«ያለ ገደብ ቅመሱ» የሚለውን የቢራ ፌስቲቫል ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

የክራፍት ቢራ (የአነስተኛ ጠማቂዎች ቢራ) ፌስቲቫል ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ በተለይም «ያለ ገደብ ቅመሱ» የሚለው ጥቅል ትኬት ዓይናችሁን ከሳበው፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ትኬቱ ገደብ አለው፤ ገደቡ ወረፋው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ዙር፣ ማለትም ትኬቱ የሚያገለግልበት ጊዜ፣ 4 ሰዓት ነው እንበል፣ 240 ደቂቃ። ወረፋው 12 ደቂቃ ቢወስድ፣ የተቀዳላችሁን ቀምሳችሁ ወደሚቀጥለው ድንኳን እስክትደርሱ ደግሞ 5 ደቂቃ ቢሄድ፣ አንድ ቅምሻ 17 ደቂቃ በላ ማለት ነው። ዙሩን ሙሉ ያለ ዕረፍት ብትሰለፉ 14 ቅምሻ ይደርሳችኋል። ብርጭቆው 100 ሚሊ ሊትር ከሆነ 1.4 ሊትር ቢራ ነው፤ ሦስት የግማሽ ሊትር ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። 60 ሚሊ ከሆነ ደግሞ 840 ሚሊ፣ ሁለት ብርጭቆ እንኳ በቅጡ አይወጣውም። የምግቡና የመጸዳጃው ወረፋ ገና አልተቆጠረም። የትኬቱን ዋጋ ማወዳደር ያለባችሁ ከዚህ መጠን ጋር እንጂ «ያለ ገደብ» ከሚለው ቃል ጋር አይደለም።

ስለዚህ አዘጋጁን ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ በአንድ ዙር ስንት ትኬት ይሸጣል? በአንድ ጊዜ ስንት ቧንቧ ይከፈታል? የመቅመሻው ብርጭቆ ስንት ሚሊ ይይዛል? የቢራውን ዓይነት ብዛት አትጠይቁ፤ «50 ዓይነት ቢራ» የሚል ማስታወቂያ በ10 ቧንቧ እየተፈራረቀ ሊቀዳ ይችላል። ከዚያ የትኬቱን ቁጥር ለቧንቧው አካፍሉ። አንድ ቀጂ ብርጭቆ ተቀብሎ፣ ቀድቶ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ሰጥቶ እስኪጨርስ 25 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ቧንቧ 30 ሰው ከተሰለፈ የመጨረሻው ሰው 12 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል፤ 40 ከሆነ 17 ደቂቃ ገደማ። በእኛ ግምት በአንድ ቧንቧ ከ30 ሰው በላይ የሚደርስ ከሆነ ጥቅሉን መግዛት አያዋጣም፤ ለአንድ ቅምሻ አንድ ኩፖን እየሰጡ መጠጣት ይሻላል። ቁጥሩን ለመንገር የሚያቅማማ አዘጋጅ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ኩፖኑም የራሱ ተንኮል አለው። ዋጋው በገንዘብ ሳይሆን በኩፖን ስለሚነገር አንድ ሊትር ስንት እንደገባችሁ አታውቁትም። በ100 ሚሊ ብርጭቆ ሊትሩ 10 ኩፖን ነው፤ ብርጭቆው 75 ሚሊ ከሆነ ከ13 በላይ። ማስታወቂያው ላይ ምንም ሳይቀየር ዋጋው በአንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ያዙና ወረፋ ላይ ሳላችሁ ብርጭቆውን እስከ መስመሩ ሙሉት። ውሃው 5 ጊዜ ከሞላው 100 ሚሊ ነው፤ 7 ጊዜ ከሞላው 70 አካባቢ። ብርጭቆውም ታጠበ፣ እናንተም ውሃ ጠጣችሁ። መስመር የሌለው ብርጭቆ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ አፉ ሰፊ ከሆነ አብዛኛው ቢራ የሚያርፈው ላይኛው ክፍል ላይ ስለሆነ፣ «ትንሽ ጎደለ» የሚመስለው ሲለካ ብዙ ነው።

ለስሙ ብላችሁ የምትሄዱበት ብርቅ ቢራ ካለ፣ የሚከፈትበትን ሰዓትና የበርሜሉን መጠን ጠይቁ። የ20 ሊትር በርሜል በወረቀት ላይ 200 ቅምሻ ነው፤ አረፋውና ቱቦ ውስጥ የሚቀረው ሲቀነስ ከዚያ ያንሳል። ሺህ ሰው በሚገባበት ዙር አብዛኛው ሰው ስሙን ሰሌዳ ላይ አንብቦ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚያስገባው የቪአይፒ ትኬትም ገንዘቡን የሚያወጣው እነዚህ በርሜሎች በዚያች ሰዓት የሚከፈቱ ከሆነ ብቻ ነው።

አረፋ ብቻ ከተቀዳላችሁ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ወይም መናወጥ ነው፦ በርሜሉ አሁን ከመኪና ወርዷል፣ ወይም የማቀዝቀዣው ሳጥን በረዶ አልቋል። ቢራው በውስጣቸው እያለፈ የሚቀዘቅዝባቸው እነዚያ ሳጥኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። የተጠመጠመ ቱቦ ያላቸው በረዶና ውሃ አንድ ላይ ይፈልጋሉ፤ ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳ ያላቸው ግን የቀለጠው ውሃ ካልተፈሰሰላቸው በደንብ አያቀዘቅዙም። ሁለቱን የሚያምታታ ቀጂ ቀኑን ሙሉ አረፋ ሲቀዳ ይውላል። ኩፖን ሳትሰጡ ሌላ ድንኳን ሂዱ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ብትመለሱ ሊስተካከል ይችላል።

ጣዕሙ የተበላሸ ከሆነ ግን መጠበቅ አይጠቅምም። ኮምጣጤ የሚል ወይም ጎልቶ ቅቤ ቅቤ የሚል ቢራ ብዙ ጊዜ ያልታጠበ ቱቦ ወይም በባክቴሪያ የተበከለ በርሜል ምልክት ነው፤ የቢራ ቱቦ ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ በኬሚካል መታጠብ አለበት፣ ለአንድ ቀን በኪራይ የመጣ ቱቦ ግን መቼ እንደታጠበ የሚነግራችሁ የለም። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቢራው አርጅቷል ወይም አየር ገብቶበታል። ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) የበዛባቸው እንደ አይፒኤ ያሉ ቢራዎች በሞቀ ቦታ ከቆዩ መዓዛቸው በሳምንታት ውስጥ ይሞታል፣ ስለዚህ የተጠመቀበትን ቀን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከመክሰሳችሁ በፊት ግን የዓይነቱን ስም አንብቡ፤ ጎዘና ላምቢክ የሚባሉት ሆን ተብሎ እንዲኮመጥጡ የተጠመቁ ናቸው። የእውነት የተበላሸ ከሆነ በመጀመሪያው ጉንጭ መልሱ፤ ግማሹ ከተጠጣ በኋላ ኩፖን የሚመልስ የለም። ግልጽ ብርጭቆ ይዞ ፀሐይ ላይ መቆምም ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ የዚያን ጊዜ ጥፋቱ የጠማቂው አይደለም።

ቅምሻው ትንሽ ስለሆነ አልኮሉም ትንሽ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ባለ 8 በመቶ ቢራ 100 ሚሊው 6.3 ግራም አልኮል ይይዛል፤ 14ቱ ቅምሻ 88 ግራም ነው። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት ከ7 እስከ 10 ግራም ነው፣ ስለዚህ ዙሩ ሲያበቃ ከግማሽ በላዩ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። መኪና አትንዱ። ለማይጠጣ አሽከርካሪ የተለየ ትኬት ካለ ሙሉውን ዋጋ አትክፈሉለት።

ትኬት ከግለሰብ ስትገዙ የኪውአር ኮድ ፎቶ ብቻ አትቀበሉ፦ ያው ፎቶ ለአምስት ሰው ሊሸጥ ይችላል፣ በሩ የሚከፈተው ቀድሞ ለደረሰው ነው። በሻጩ ድርጅት በኩል ስሙ ወደ እናንተ ካልተዛወረ ይቅርባችሁ። የተረፈ ኩፖን ይመለስ እንደሆነም ከመጀመሪያው ግዢ በፊት ጠይቁ፤ የማይመለስ ከሆነ ሦስት አራት ብቻ እየገዛችሁ ውሰዱ። በመጨረሻው 45 ደቂቃ ደግሞ ሰሌዳውን ሳታዩ አንድም አትግዙ፤ ያኔ ብዙ በርሜል ባዶ ነው፣ የኩፖን መሸጫው መስኮት ግን ክፍት ነው።