ባለ ሁለት አቆጣጠሩ የጠረጴዛ አጀንዳ

በአገራችን የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ለውጭ ለጋሾች የሚላከው ሪፖርት ግን ብዙውን ጊዜ የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ሁለቱንም ቀን በአንድ ገጽ የሚያሳይ አጀንዳ ለቢሮ ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። አራት ኪሎ ከሚገኝ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁት ይህ አጀንዳ የሰዓት መስመሮቹን ከጠዋቱ 2፡30 ስለሚጀምር፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ስድስት ሰዓት እየቀነሱ ማስላት አያስፈልግም።

በተለይ የወደድኩት በቀኝ በኩል የተተወውን ባዶ ዓምድ ነው። ጠዋት የዕለቱን ሦስት ዋና ዋና ሥራዎች እዚያ ላይ አስፍሬ፣ ስልክና ደብዳቤ ይዘውት የሚመጡትን ድንገተኛ ሥራ በግራ በኩል ስመዘግብ፣ የትኛው ለነገ ሊቆይ እንደሚችል በግልጽ ስለሚታየኝ፣ ማታ «የረሳሁት ነገር ይኖር ይሆን?» እያልኩ አልጨነቅም።

ወረቀቱ ስስ በመሆኑ የብዕር ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል። ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ግን ለጳጉሜን በሙሉ አንድ ገጽ ብቻ መመደቡ ነው፤ በወሩ የሚውሉት የሥራ ቀናት እንደማንኛውም ቀን ስብሰባና ቀነ ገደብ አለባቸውና፣ አሳታሚው በሚቀጥለው እትም ለየቀኑ ገጽ ቢሰጥ ያለማመንታት ደግሜ እገዛዋለሁ።