ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለአዋቂ፦ ከፍለው የሚያገኙት ምንድን ነው?

በልጅነቱ ላልተከተበ አዋቂ ከኪሱ ከፍሎ ሊወስዳቸው ከሚችሉ ክትባቶች ሁሉ ጉበትን ከሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከለውን እናስቀድማለን። ክትባቱ ራሱ እንከን የሚወጣለት አይደለም፤ አሸጣጡ ግን ብዙ ይቀረዋል። ከፍለው ጀምረው ሳይጨርሱ የሚቀሩ ሰዎች ችግር በአብዛኛው ብልቃጡ ውስጥ ካለው ነገር የመጣ አይደለም። አንድም ገና ከመጀመሪያው ስለ በሽታው ካላቸው እምነት፣ አንድም ዋጋው ከተነገራቸው መንገድ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ስለ ክትባቱ። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓይነት የሚሠራው በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ከሚመረት የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ስለሌለበት በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። የተለመደው አሰጣጥ ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ እና ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ። ከ40 ዓመት በታች ከሆኑ ጤነኛ አዋቂዎች በአንደኛው ዙር በቂ መከላከያ የሚያዳብሩት ከ30 እስከ 55 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በሁለተኛው 75 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ በሦስተኛው ከ90 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ አንድ መርፌ ወስዶ «ተከትቤአለሁ» የሚል ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ዕድሉን ለአጋጣሚ ትቷል። ዕድሜ ሲገፋ ምላሹ ይቀንሳል፤ በ60 ዓመት ገደማ ሦስቱንም ከጨረሱት በቂ መከላከያ የሚያገኙት 75 በመቶ ያህሉ ናቸው። «ሳረጅ እወስደዋለሁ» የሚለው ውሳኔ ለዚህ ክትባት አይሆንም።

ታዲያ ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ለምን ፈላጊ ያጣል? በ1950ዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ የራጅ ምርመራ በተሽከርካሪ እየተዞረ በነፃ ቢሰጥም ሰው አልመጣም። ጎድፍሬይ ሆክባም፣ ኧርዊን ሮዘንስቶክና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ተነስተው የጤና እምነት ሞዴል የሚባለውን አወጡ። ሰው የሚነሳው በሽታው «እኔንም ሊይዘኝ ይችላል»፣ «ከያዘኝ ይጎዳኛል»፣ «ይህ ነገር ያድነኛል» እና «ጣጣው ከጥቅሙ አይበልጥም» ብሎ ሲያምን፣ በዚያ ላይ የሚቀሰቅሰው ነገር ሲያገኝ ነው። ዋጋ ከጣጣዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ክትባቱን በነፃ ቢሰጡት እንኳ «እኔን አይመለከተኝም» የሚል ሰው አይመጣም።

ሄፓታይተስ ቢ በመጀመሪያው እምነት፣ «እኔንም ሊይዘኝ ይችላል» በሚለው ላይ፣ ክፉኛ ይወድቃል። ብዙዎቻችን የጉበት በሽታን የወፍ በሽታ ብለን ከምንጠራው የዓይን ቢጫነት ጋር ስለምናያይዘው፣ ቢጫ ያልሆነ ሰው ጤነኛ ይመስለናል። እውነቱ ግን ቫይረሱን የተሸከመ ሰው ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚኖሩትን 254 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል፤ በዚያው ዓመት የሞቱትን ደግሞ 1.1 ሚሊዮን። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ነው፤ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መጋራትም መንገድ ነው። ለአዋቂ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፦ በአዋቂነት ከሚያዙት በሽታው ሥር የሚሰድባቸው ከ5 በመቶ በታች ናቸው፤ በጨቅላነት ሲሆን ግን 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህን ደብቆ በፍርሃት ብቻ መሸጥ ተገቢ አይመስለንም። ክትባቱ ለጤና ባለሙያ፣ ከታማሚ ጋር ለሚኖርና ለኩላሊት እጥበት ታካሚ ያለው ጥቅም ያለ ማጋነንም ይታያል።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ሰው «ለዚህ ክትባት ምን ያህል ትከፍላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በእጁ ገንዘብ ሲያወጣ ከሚያደርገው ይበልጣል። ጠያቂው መነሻ ዋጋ ከጠራ ደግሞ መልሱ ወደዚያ ቁጥር ይሳባል። በዚህ ላይ አብዛኛው ቦታ የሚጠራው የአንድ መርፌ ዋጋ ነው። ተገልጋዩ በዚያ ተስማምቶ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ያወጣው ድምር እጥፍ፣ በሦስተኛው ሦስት እጥፍ ሲሆንበት፣ መጓጓዣውና ከሥራ የቀረበት ቀን ሲደመርበት ይቀራል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ድምር ይጠይቁ፦ የቅድሚያ ምርመራ፣ ሦስት መርፌ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ በመጨረሻ የሚደረገው የአንቲቦዲ (ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን) ምርመራ። ይህን በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ ቦታ በእኛ ሚዛን ከሌሎቹ ይቀድማል። «ውድ ከሆነ ይሻላል» የሚለው እምነትም ገንዘብ ያስወጣል፤ የክፍያ ክፍሉ ማማር ፕሮቲኑን አይለውጠውም።

ጥሩ አገልግሎት መርፌ ከማንሳቱ በፊት ደም ይመረምራል። ሦስቱ ምርመራዎች የቫይረሱን የላይኛው ሽፋን አንቲጅን (የራሱን የቫይረሱን ፕሮቲን)፣ የዚሁኑ ሽፋን አንቲቦዲ እና የውስጠኛውን ክፍል አንቲቦዲ የሚፈልጉ ናቸው። ቀድሞ የተያዘን ሰው ክትባቱ አይጎዳውም፤ አያድነውምም። ሳይመረመር የተከተበ ተሸካሚ ገንዘቡን ከማውጣቱ የሚብሰው «ተጠብቄአለሁ» ብሎ ሕክምናውን ማዘግየቱ ነው። የደም ናሙናና የመጀመሪያው ዙር በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውጤት እስኪመጣ ማመላለስ ሰውን ያስቀራል።

ቀጥሎ ፍሪጁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ የለመደው ሰው «ሲበርድ ይሻላል» ብሎ ያስባል፤ ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ፈሳሹ የበረዶ ግግር ከሆነ በውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ይቋጥራል፣ ክትባቱም ኃይሉን ያጣል። ሲቀልጥ ላይ ላዩን ደህና ስለሚመስል በዓይን አያስታውቅም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ አንዱን ብልቃጥ ሆን ብሎ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዞ ካቀለጡት በኋላ ከተጠረጠረው ጋር አብሮ በጥብጦ አቀማመጡን ማወዳደር ነው፤ የተጠረጠረው እኩል ወይም ፈጥኖ ከረጋ ይጣላል። ተገልጋይ ይህን አያደርግም፤ ነገር ግን ቴርሞሜትር መኖሩን፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚመዘገብ ወረቀት መኖሩን፣ ብልቃጦች ከበረዶ ማስቀመጫው ግድግዳ ርቀው መቀመጣቸውን መጠየቅ ይችላል። መዝገብ የሌለው ፍሪጅ ካዩ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

መርፌው የሚወጋው ትከሻ ሥር ባለው የክንድ ጡንቻ ላይ ነው። ቂጡ ላይ የተወጋ ሰው ክትባቱ ስቡ ውስጥ ሊቀርበትና ደካማ ምላሽ ሊያሳይ ይችላል። ለአብዛኛው አዋቂ 25 ሚሊሜትር መርፌ ይበቃል፤ ወፍራም ክንድ 38 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ኤንጀሪክስ-ቢ በተባለው የክትባቱ ምርት የአዋቂ መጠን 20 ማይክሮግራም በ1 ሚሊሊትር ነው፤ የኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው 40 ማይክሮግራም ይሰጣል። ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከባድ አለርጂ እጅግ ብርቅ ቢሆንም ሲመጣ በፍጥነት ነው። የክንድ ሕመምና ቀላል ትኩሳት ይጠበቃል። ለእርሾ ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ቀጠሮ ካለፈዎት አይረበሹ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል፤ «ከአንድ ጀምር» ብሎ እንደገና የሚያስከፍል ተሳስቷል። ማጣደፍ ግን ገደብ አለው፦ ከ1ኛው እስከ 2ኛው ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከ2ኛው እስከ 3ኛው 8 ሳምንት፣ ከ1ኛው እስከ 3ኛው 16 ሳምንት። ስድስት ወር እንደማይታገሥ ራሱን የሚያውቅ ሰው ሄፕሊሳቭ-ቢ የተባለው ሌላ የክትባቱ ምርት በሚገኝበት ይጠይቅ፤ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ በ4 ሳምንት ልዩነት በሁለት ዙር ያልቃል። አንዱ መርፌ ቢወደድ እንኳ የተረፈውን መንገድና የሥራ ቀን አስልቶ ማወዳደር ይገባል።

ሌሎቹን በአጭሩ። የቴታነስ ማጠናከሪያ በየ10 ዓመቱ ስለሆነ ለገንዘቡ ምንም ጥያቄ የለብንም። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በተስማማበት ዓመትም ሕመሙን የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ስለሆነ ጤነኛ ወጣት ቢያመነታ አንፈርድበትም፤ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡርና ለልብ ሕመምተኛ ግን እንዲወሰድ አጥብቀን እንመክራለን።

ወደ ሄፓታይተስ ቢ ስንመለስ፣ ከመጨረሻው ዙር ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ የሚደረገው የአንቲቦዲ ምርመራ ለሁሉም ግዴታ አይደለም፤ ለጤና ባለሙያ፣ ለታማሚ የትዳር ጓደኛና መከላከያው ለደከመ ሰው ግን መዘለል የለበትም። በሚሊሊትር 10 ሚሊ-ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይዟል። ውጤቱን ከዙሮቹ ቀንና ከባች ቁጥሩ ጋር በካርዱ ላይ ያስጽፉ፣ ፎቶም ያንሱት፤ ከዓመታት በኋላ ቢመረመሩ መከላከያው እያለ ቁጥሩ ከ10 በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ካርድ የሌለው ሰው ያልያዘለት መስሎ እንደገና ይከፍላል።